የተራበ አጋዘን ማብላት፦ በክረምት ደግነት መቼ ይገድላል?

እናቴ ከወሎ መጥታ እኛ ዘንድ የከረመችው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እኔ በምኖርበት በሚኒሶታ ክረምት የሚባለው እንደ አገራችን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሳይሆን ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቀው የበረዶ ወቅት ነው። በጥር ወር አንድ ማለዳ እናቴ ከኩሽናው መስኮት ቆማ ወደ ውጭ ስታይ ከቆየች በኋላ ጠራችኝ። ከጓሯችን ጫፍ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ አምስት አጋዘኖች እስከ ጉልበታቸው በረዶ ውስጥ ገብተው ቆመዋል። አይበሉም፣ አይንቀሳቀሱም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነበር።

«ልጄ፣ እንስሳ ደጅህ ላይ ተርቦ ሲቆም ዝም ይባላል እንዴ?» አለችኝ።

ዝም አላልኩም። በዚያው ቀን ከመኖ መደብር ሁለት ጆንያ በቆሎ ገዛሁ። እያንዳንዱ 23 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ «የአጋዘን በቆሎ» ተብሎ በግልጽ የሚሸጥ ነው። ማታ ማታ ከዛፎቹ ሥር እያፈሰስኩ ጠዋት ከእናቴ ጋር ቡና እየጠጣን እናያለን። በአራተኛው ቀን አምስቱ አሥራ አንድ ሆኑ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በአሥረኛው ቀን ግን ከማገዶው ክምር ኋላ አንድ ያለፈው ዓመት ግልገል ሞቶ አገኘሁ። ቁስል የለበትም፤ ሆዱ ተነፍቷል።

የደወልኩለት የዱር እንስሳት ባለሙያ በማግሥቱ መጣ። እንስሳውን ከፍቶ አሳየኝ። ትልቁ ጨጓራው በቢጫ በቆሎ ጢም ብሏል። «በረሃብ አልሞተም፤ የሞተው ጠግቦ ነው» አለኝ። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ እንስሳት ያለኝ ዕውቀት ከልጅነት ትዝታ አያልፍም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጉዳዩን በየጊዜው ስከታተል ቆይቻለሁ። በውጭ አገር ጓሮ ያለው ቤት የገዙ ወገኖቼም ያንኑ የኔን ጥፋት ሲደግሙት ስላየሁ ያወቅሁትን ልጽፍ ወደድኩ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። በአገራችን አጋዘን የምንለው እንስሳ ከአንቴሎፕ ወገን ነው። በ10 ሳንቲማችን ላይ ምስሉ የሚታየው የደጋ አጋዘንም እንደዚሁ ነው። የእነዚህ ቀንድ አንዴ ከበቀለ አይወድቅም። የአሜሪካና የአውሮፓዎቹ አጋዘኖች ግን ሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ ወንዶቹ በየዓመቱ ቀንዳቸውን ጥለው አዲስ ያበቅላሉ። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የዚህ ቤተሰብ አባል የሆነ አገር በቀል እንስሳ የለም። አማርኛችን የተለየ ስም ስላላወጣለት እኔም እንደ ሌላው ሰው አጋዘን እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጎተራ የሰበረ በሬ

ባለሙያው የነገረኝን ለእናቴ ስተረጉምላት ግማሽ መንገድ ላይ አቋረጠችኝ። «ይሄማ ጎተራ ሰብሮ እህል የበላ በሬ ነው!» አለች። በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሣርና ገለባ የለመደ በሬ ማታ አምልጦ እህል ላይ ካደረ ጠዋት ሆዱ ተነፍቶ ወድቆ ይገኛል። በሬውም አጋዘኑም የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው። ሁለቱም ምግባቸውን የሚፈጩት ሩመን በሚባለው ትልቁ ጨጓራ ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ነው። እንስሳው ተሕዋስያኑን ይመግባል፤ ተሕዋስያኑም እንስሳውን ይመግባሉ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በጫካ የሚኖር አጋዘን በበረዶ ወቅት የሚበላው የዛፍ ቀንበጥ፣ እምቡጥና የጥድ ቅጠል ነው። በዚህ ጊዜ በጨጓራው የሚበዙት እንጨት የመሰለ ነገር ቀስ እያሉ የሚያፈርሱት ተሕዋስያን ናቸው። በድንገት ብዙ በቆሎ ሲገባ ግን ስታርች የሚወዱት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይራባሉ፤ ላክቲክ አሲድም ይመረታል። አሲዱ ሌሎቹን ተሕዋስያን ይገድላል፣ የጨጓራውን ግድግዳ ያቃጥላል፣ ከደም ውስጥ ውኃ ወደ ሆድ ይስባል። እንስሳው ውኃ ጠምቶት፣ እየተንገዳገደ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ከዚህ የተረፈውም በሰኮናና በጉበት ሕመም ሊጎዳ ይችላል። ተሕዋስያኑ ከአዲስ ምግብ ጋር ለመላመድ ሁለትና ሦስት ሳምንት ያስፈልጋቸዋል። አንድ ጆንያ በቆሎ በአንድ ሌሊት የሚያፈስ ሰው ይህን ጊዜ አይሰጣቸውም።

ይህ የኔ ጓሮ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ክረምት በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ሳውዝ ሃምፕተን በምትባል ከተማ፣ ሰዎች ያበሏቸው ከነበረበት ቦታ አጠገብ 12 አጋዘኖች ሞተው ተገኝተዋል። የግዛቲቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የሞታቸው ምክንያት የተሰጣቸው ምግብ መሆኑን ገልጿል።

ለትክክለኛነት ሲባል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በቆሎ ሁሉንም አጋዘን አይገድልም። በደቡብ ሚኒሶታ በእርሻ መሐል የሚኖሩት ከበልግ ጀምሮ ከአጨዳ የተረፈ በቆሎ ሲለቅሙ ስለሚከርሙ ጨጓራቸው ለምዶታል። ብዙ ሰው «እኔ ለዓመታት አብልቻለሁ፣ አንድም አልሞተብኝ» የሚለውም በዚህ የተነሳ ነው፤ ውሸቱን አይደለም። የሚጎዱት የጫካዎቹ ናቸው። በጎ አድራጊው ደግሞ በጓሮው የቆመው ከየትኛው ወገን እንደሆነ አያውቅም። ድርቆሽስ? ብዙዎች በቆሎው ካልሆነ ድርቆሽ ይሻላል ይላሉ። ሻካራ ድርቆሽ ግን ለከብት እንጂ ለአጋዘን አይሆንም። በቂ ጉልበት ሳያገኝበት ሆዱን ሞልቶ ሊሞት ይችላል።

ለመሆኑ እነዚያ አምስት አጋዘኖች ያን ማለዳ ተርበው ነበር? ይህ ጥያቄ ኋላ ላይ በጣም አስገርሞኛል። አጋዘን ለክረምት የሚዘጋጀው በበልግ ነው። ስብ ያከማቻል፤ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ፀጉር ያበቅላል። ብርዱ ሲጠና እንቅስቃሴውንና የሰውነቱን ጉልበት አወጣጥ ይቀንሳል፤ የፍላጎቱም መጠን ይወርዳል። ከሰውነቱ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉን አጥቶም በሕይወት ለፀደይ ይደርሳል። እንግዲህ እኛ ልመና ነው ያልነው መቆም ቁጠባ ነበር። በቆሎውን ለመሻማት ከሩቅ በበረዶ እየተራመዱ ሲመጡ የቆጠቡትን ሁሉ አባከኑት። ሲደርሱም የሚበሉት ጉልበተኞቹ ናቸው። ትልልቆቹ ግልገሎቹን በፊት እግራቸው እየመቱ ያባርሯቸዋል። ጉልበተኛው ሲጠግብ ደካማው በተረፈው ላይ ተስገብግቦ ይወድቅበታል።

አጥር የማያግደው ጉዳት

አሜሪካ ውስጥ ይህ ክርክር በተነሳ ቁጥር የሚሰማው መልስ «መሬቱ የኔ ነው» የሚል ነው። መሬቱ የግል መሆኑ እውነት ነው። አጋዘኑ ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ በሕጉም በግዛቱ መንግሥት ባለአደራነት የተያዘ የሕዝብ ሀብት ነው። በሽታው ደግሞ የባለቤትነት ካርታ አያነብም።

ይህን ከሁሉ በላይ ያስተማረው የሚሺጋን ጉዳይ ነው። በግዛቲቱ የታችኛው ልሳነ ምድር ሰሜን ምሥራቅ ክፍል ሰፋፊ የግል የአደን ክበቦች አሉ። አባላቱ ለዓመታት በጭነት መኪና በቆሎ፣ ካሮትና ስኳር የሚመረትበት የሥራ ሥር እያስመጡ በጫካ ይከምሩ ነበር። ዓላማው በክረምት የሚሞተው እንዲቀንስና ለአደን ብዙ እንስሳ እንዲኖር ነው። እንዳሰቡትም አጋዘኑ በዛ፤ መሬቱ በራሱ ሊመግበው ከሚችለው በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ አዳኝ በገደለው አጋዘን ላይ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ተገኘ። ይህ በሽታ በአዲስ አበባና አካባቢዋ የወተት ላሞች ላይ ስለሚገኝ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በዱር እንስሳት መካከል ግን አንድ ሁለት ካሳየ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሱ የሚጠፋ ይመስል ነበር። በሚሺጋን ሳይጠፋ የቆየበትን ምክንያት ሲያጠኑ ሁለት ነገር አገኙ፤ የአጋዘኑ ብዛትና በአንድ ክምር ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጥሞ መብላቱ።

ቀጥሎ የመጣውን ዋጋ የከፈሉት የአደን ክበቦቹ አልነበሩም። በሽታው ወደ ከብቶች ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሚሺጋን ከከብት ሳንባ ነቀርሳ ነፃ የሚያሰኛትን ደረጃ አጣች። አንድም አጋዘን አብልተው የማያውቁ የወተት ገበሬዎች ከብቶቻቸውን በተደጋጋሚ ማስመርመር፣ በሽታው የተገኘባቸውም መንጋቸውን ማስወገድ ግድ ሆነባቸው።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያስፈራው በሽታ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ» የሚባለው፣ በእኛ አነጋገር የመክሳት በሽታ ልንለው የምንችለው ነው። ከዕብድ ላም በሽታ ጋር አንድ ወገን ነው። መንስኤው ባክቴሪያም ቫይረስም ሳይሆን ቅርጹ የተበላሸ፣ ፕሪዮን የሚባል ፕሮቲን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 በኮሎራዶ ግዛት በምርምር ጣቢያ ውስጥ በተያዙ አጋዘኖች ላይ ነበር። በዱር እንስሳ ላይ የተገኘው በ1981 ነው። በ2002 ዊስኮንሲን ደረሰ፤ በሚኒሶታ የዱር አጋዘን ላይ መኖሩ የተረጋገጠው በ2011 ነው። በ2016 ደግሞ በኖርዌይ የዱር ሬይንዲር ላይ ተገኘ። አገሪቱም ስርጭቱን ለመግታት በአንድ አካባቢ የነበረውን ወደ 2,000 የሚጠጋ መንጋ ሙሉ በሙሉ አስወገደች። እስካሁን በሽታው ከ30 በሚበልጡ የአሜሪካ ግዛቶች ታይቷል። ክትባትም መድኃኒትም የለውም፤ የያዘውን እንስሳ ሁሉ ይገድላል። ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም። ሆኖም የጤና ባለሥልጣናት የታመመ እንስሳ ሥጋ እንዳይበላ ይመክራሉ።

ፕሪዮኑ በምራቅ፣ በሽንትና በፋንድያ ይወጣል። አፈር ላይ ከወደቀም ለዓመታት ሳይጠፋ ይቆያል። እንግዲህ አንድ ሰው በየማታው በዚያው ስፍራ በቆሎ ሲያፈስ አፈሩ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በሚኒሶታ በሽታው በተገኘባቸው ካውንቲዎችና በአጎራባቾቻቸው አጋዘን ማብላት በደንብ የተከለከለው በዚሁ የተነሳ ነው። ብዙ ከተሞችም የራሳቸው ክልከላ አላቸው። መደብሩ መሸጡ ማብላት ተፈቅዷል ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ማብላት ግዴታ የሆነባቸው

ይሁንና ጉዳዩ አንድ ወገን ብቻ ያለው አይደለም። በጀርመን የባቫሪያ ሕግ በችግር ጊዜ አደን የሚመራው ሰው የዱር እንስሳትን እንዲመግብ ያስገድዳል። በኦስትሪያ ተራሮችም ልማዱ ሥር የሰደደ ነው። እዚያ ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ቆላማው የክረምት ግጦሽ በከተማ፣ በመንገድና በእርሻ ስለተያዘ እንስሳው ሲርበው የደኑን ዛፍ ቅርፊት ይልጣል፤ የደኑ ባለቤት ይከስራል። ስለዚህ በሙያተኛ እጅ፣ በዋነኛነት ድርቆሽና እርጥብ መኖ፣ ሳይቋረጥ ለወራት ይቀርባል። ሳይቋረጥ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ሲመቸው የሚያበላና ለገና በዓል ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ የሚተው ሰው ይህን ሥርዓት እከተላለሁ ሊል አይችልም። ሥርዓቱም ቢሆን ከነቀፋ አላመለጠም፤ በቲሮል ግዛት የቀይ አጋዘን ሳንባ ነቀርሳ ሲገኝ ጣት ከተቀሰረባቸው አንዱ የመመገቢያ ስፍራዎቹ ናቸው።

ሚኒሶታም ራሷ ደግሳ አብልታለች። ግዛቲቱ የክረምቱን ጽናት የምትለካበት ቀላል ዘዴ አላት። የበረዶው ጥልቀት 38 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ነጥብ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በታች ለወረደበት ቀን ሌላ አንድ ነጥብ ይያዛል። ድምሩ ከ100 በታች ከሆነ ቀላል፣ ከ180 በላይ ከሆነ ከባድ ክረምት ነው። በ2014 በሰሜን ክረምቱ ከብዶ ከአዳኞች የሚሰበሰበው የመመገቢያ ገንዘብ ወጥቶ፣ የአዳኞች ማኅበር ለአጋዘን ተብሎ የተቀመመ መኖ አከፋፈለ። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ያኔም ቢሆን በጉጉት አልደገፉትም። በሰፊ ጫካ የተበተነን መንጋ በጆንያ መድረስ አይቻልም፤ የሚጠቀመው መንገድ ዳር ያለው ጥቂቱ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው የዋዮሚንግ ነው። በጃክሰን ሸለቆ ኤልክ የሚባሉትን ትልልቅ አጋዘኖች መመገብ የተጀመረው ከ1910ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ሲሆን የብሔራዊው መጠለያ የተቋቋመው በ1912 ነው። ከተማና ከብት እርባታ የክረምት ግጦሻቸውን ስለያዘባቸው ያለቁ ነበሩና የዚያን ጊዜው ሰው ያደረገውን መንቀፍ አልደፍርም። ነገር ግን በየመመገቢያው ከብት የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ ሰፈረ። በ2020 ደግሞ እዚያው አጠገብ ባለው በግራንድ ቲተን ብሔራዊ ፓርክ አንዲት ኤልክ የመክሳት በሽታ ተገኘባት። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው እጅ ያየን መንጋ ዛሬ ተነስቶ «በቃህ» ማለት እንዴት ይቻላል? በዚያ የሚደረገው ክርክር ሁሉ በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ በዚህ ጊዜ የሐረርን ጅብ ያነሱብኛል። ሐረር ላይ ጅብ ሲበላ ማየት እኔም ደስ ይለኛል፤ ማወዳደሩ ግን አይሆንም። ጅብ አጥንትና በድን ጭምር እንዲፈጭ ተደርጎ የተሠራ ሆድ አለው። የአጋዘን ሆድ እንደዚያ አይደለም።

ጓሮ ያለው ሰው ምን ያድርግ?

ባለሙያው ለእኔ የነገረኝ መጀመሪያ በቆሎውን እንድጠርግ ነበር። በረዶውን አብሬ እየዛቅሁ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ በመጋዝ ጥቂት የሜፕልና የአስፐን ዛፎችን ቆርጠን ጣልን። አናታቸው መሬት ሲደርስ አጋዘኑ የለመደውን እምቡጥና ቀንበጥ ያገኛል። ጨጓራው ያውቀዋል፤ እዚህም እዚያም ተበትኖ ስለሚገኝ አንድ ክምር ላይ አይሻሙም። በሰሜን የሚኖሩ እንጨት ቆራጮች በክረምት ሲሠሩ አጋዘን የመጋዙን ድምፅ ተከትሎ ይመጣል ይባላል፤ እኔም ከሁለት ቀን በኋላ ዱካቸውን አይቻለሁ።

ለረጅም ጊዜ የሚበጀው መሬቱን ማዘጋጀት ነው። አጋዘንን በክረምት ከምግብ ባልተናነሰ የሚያድነው መጠለያ ነው። ቅጠላቸው የማይረግፍ የጥድ ዝርያዎች በረዶውን ከላይ ይይዛሉ፣ ነፋሱን ይከልላሉ፤ ከሥራቸው መራመድ ይቀላል። ቁጥቋጦውን አለመመንጠር፣ የኦክ ዛፍ ካለ አለመቁረጥ፣ ስፋት ያለው መሬት ላይ ክሎቨርና ከጎመን ወገን የሆኑ ተክሎችን መዝራት ከብዙ ጆንያ በቆሎ ይበልጣል። አንድ ሰው የማያስበው ደግሞ ውሻ ነው። ጥልቅ በረዶ ላይ በውሻ የተባረረ አጋዘን ባይያዝ እንኳ ለአንድ ሳምንት የቆጠበውን ስብ በደቂቃዎች ይጨርሳል። ውሻን ማሰር ገንዘብ አይጠይቅም። በተለይ በመጋቢት፣ ስቡ አልቆ ቡቃያው ሳይደርስ፣ እንስሳውን ከቦታው አለማስነሳት ትልቅ ውለታ ነው።

ወፎችን ማብላት ግን ይቻላል ወይ ለሚል፣ ይቻላል፤ ንጽሕና ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1994 ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሃውስ ፊንች የምትባለዋ ትንሽ ወፍ ዓይኗን የሚያሳብጥና የሚያሳውር በሽታ ታየባት። ከዶሮ የሚታወቅ ተሕዋስ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መላውን ምሥራቅ አሜሪካ አዳረሰ፤ ወፎቹ የሚሰበሰቡባቸው የመመገቢያ ዕቃዎችም ረድተውታል። ስለዚህ ዕቃውን ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ አጥቦ ማድረቅ፣ የታመመ ወፍ ከታየ ለጥቂት ሳምንታት ማንሳት ያስፈልጋል። የሻገተ እህል አይሰጥም። በአገራችን በወተትና በለውዝ ጉዳይ ስሙ የሚነሳው አፍላቶክሲን ወፍንም ይገድላል። ድብ ባለበት አካባቢ ደግሞ ከፀደይ እስከ በልግ መጨረሻ ዕቃውን ከነአካቴው ማስገባት ነው።

እናቴ ወደ አገሯ ስትመለስ ወሩ ግንቦት ነበር። ከመሄዷ በፊት ከጓሮው በስተሰሜን አብረን 40 የጥድ ችግኝ ተከልን። በመጣው ክረምት አጋዘኖቹ 31ዱን እስከ ሥሩ በሉት። በስልክ ስነግራት ሳቀች። «እንግዲህ እሱን የሚበሉት ተስማምቷቸው ነው» አለች። የቀሩት ዘጠኙ አሁን በሽቦ አጥር ውስጥ ናቸው፤ ቁመታቸው ከእኔ አልፏል።